የካሶኒው ስድስት ቡሎን

በአሰላ ከተማ፣ ከብቅል ፋብሪካው በላይ ባለው ሰፈር፣ እንደሻው የሚባለው ሾፌር በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር። አንደኛው፣ ፒካፑን ለአንድ ቀን እንኳ ለጋራዥ ሰጥቶ አለማወቁ ነው። ሁለተኛው፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጫማውን አውልቆ በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መግባቱ ነው። ስለ ሁለተኛው በቦታው ይነገራል።

የመጀመሪያው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። እንደሻው ጮሌ አካባቢ ተወልዶ አራተኛ ክፍል እስኪደርስ ተማረ። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ፣ ገብስ ጭኖ ወደ አሰላ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነ። አንድ ቀን መካኒኩ ከመኪናው ሆድ ደህናውን ዕቃ ፈትቶ በከረጢት ሲከት፣ በምትኩም ያረጀ ሲገጥም በዓይኑ አየ። መካኒኩ መታየቱን ባወቀ ጊዜ አላፈረም፤ ሣቀ። ያ ሣቅ ከእንደሻው ጆሮ ሳይወጣ አርባ ዓመት ኖረ። የራሱን ፒካፕ በያዘ ጊዜ «ከእኔ እጅ በቀር የማንም እጅ አይነካትም» ብሎ ማለ፤ መሐላውንም ጠበቀ። ዘይቱን ራሱ ይቀይራል፤ ፍሬኑን ራሱ ያስተካክላል፤ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚሰጡትን ዕቃ ሁሉ አገላብጦ ያይና «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይመልሳል።

አንድ ሥራ ብቻ ለብቻው አልሆንለት አለ፤ እርሱም የካሶኒው ሥራ ነው። ዕቃም ሰውም የሚጫንበት የኋላው ሣጥን፣ ካሶኒ የሚሉት፣ በስድስት ረጃጅም ቡሎኖች ከመኪናው አጽም፣ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። የቡሎኑ ራስ ከላይ፣ ከካሶኒው ወለል ላይ ነው፤ የሚያጠብቀው ዳዶ ግን ከመኪናው ሆድ ሥር ነው። ታች የተኛው ሰው ዳዶውን ሲያዞር፣ ላይ የተቀመጠ ሌላ ሰው የቡሎኑን ራስ በቁልፍ አንቆ ካልያዘ፣ ቡሎኑ አብሮ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም፤ አይፈታምም። ስለዚህ ሁለት ሰው የግድ ነው። እንደሻው ደግሞ ከሰው ሁሉ የሚያምናት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ሚስቱን ተሻለችን ቁልፍ አስይዞ ካሶኒው ላይ አወጣት።

ከመኪና ሥር ሆኖ መጮህ ለጎረቤት ሥራን መግለጥ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ንግግራቸውን በምት አደረገው። ብረቱን ከታች አንድ ጊዜ ሲመታ «ያዢ» ማለቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲመታ «ልቀቂ»። እርሷም ከላይ በዚያው ልክ ትመልሳለች፤ ሳትመልስ እርሱ አያዞርም። ሦስተኛውን የጨመረችው ግን እርሷ ናት። ሦስት ጊዜ አከታትላ ስትመታ፣ «ይበቃል፤ ውጣና ምሳ እንብላ» ማለቷ ነበረ። እንደሻው በዕድሜው ሁሉ «ለምን?» ሳይል የታዘዘው ትእዛዝ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ልጅ አልወለዱም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ተሻለች ታማ ሞተች፤ ባለፈው ጥር ሁለት ዓመት ሆናት። ፒካፗም ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ከግቢው አልወጣችም። እንደሻው «ሞተሩ ነው» ይላል። ቁልፍ አስገብቶ ሲሞክር ግን ያየው ሰው የለም።

ባለጋሪው ጉቱ ካሶኒውን እንዲሰጠው የጠየቀው ያን ጊዜ ነው። በአሰላ ከአሮጌ መኪና ብረት ጋሪ መሥራት የተለመደ ነው፤ ጉቱም ለአዲስ ጋሪ የሚሆን ሁለት ጎማና የሚያገናኛቸው ብረት ነበረው፤ የጎደለው በላዩ የሚቀመጥ ሣጥን ነበር። እንደሻው ዓመት ሙሉ «አይሆንም» ሲል ቆየ። ሁለተኛው ክረምት የካሶኒውን ወለል ከጥግ መብላት ሲጀምር ግን፣ ቆሞ ከሚበሰብስ መንገድ ላይ ይሂድ ብሎ ፈቀደ። ጉቱም በምትኩ ዓመቱን በጋሪ ውኃ ሊያመጣለት ቃል ገባ።

«በብረት መቁረጫ ግን አይነካም» አለ እንደሻው። «በቡሎን ነው የገባው፤ በቡሎን ይወጣል። የምፈታውም እኔ ነኝ።»

«ቶሌ፣ እሺ ኦቦ እንደሻው» አለ ጉቱ። «ለስድስት ቡሎን ይህን ያህል ከተማከርን፣ ለሞተሩማ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው።»

እንደሻው አልሣቀም። ስድስቱንም ዳዶዎች ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ናፍጣ ሲያጠጣ ሰነበተ። ለጉቱ ያልነገረው ነገር ነበረ። እነዚያን ስድስት ቡሎኖች ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበቁት እርሱና ተሻለች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የማንም እጅ አልነካቸውም። ብረት ቢቆረጥ ብረት ነው፤ ነገር ግን እርሷ የያዘችውን ነገር ሌላ ሰው በእሳት ብልጭታ ሲጨርሰው ቆሞ ማየት አልፈለገም። ሥራው እንደ ጀመሩት በእጅ ያልቅ ዘንድ ነበር ምኞቱ።

በቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት የጭላሎ ተራራ ራሱን ደመና አልብሶ ነበረ። ጉቱ ፈረሱንና አሮጌውን ጋሪ ከበሩ አቁሞ ካሶኒው ላይ ወጣ፤ እንደሻው ጆንያ አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ቁልፉን ዳዶው ላይ አስገጠመና፣ ልማድ ሆኖበት፣ ብረቱን አንድ ጊዜ መታ።

«ምን ወደቀ?» አለ ጉቱ ከላይ።

«ምንም አልወደቀም። ያዝ ማለቴ ነው።»

«አፍ እያለዎት ኦቦ? እኔ ከፈረሴ ጋር እንኳ በቃል ነው የምግባባው!»

እንደሻው ቁልፉን እንደያዘ ጋደም ብሎ ቆየ። ጥቂት ካለፈ በኋላ ነው ምን እንደሚጠብቅ ራሱ የገባው፤ የመልሱን ምት ነበር የሚጠብቀው።

«ይዣለሁ እኮ! ተኙ እንዴ?» ሲል ጉቱ ጮኸ። እንደሻው ማዞር ጀመረ።

የኋላዎቹ ሁለቱ ናፍጣው ረድቷቸው ተፈቱ። የመካከለኞቹ ሁለቱም እየጮኹ ወጡ። ከጋቢናው በስተኋላ ያሉት የፊተኞቹ ሁለት ግን እንቢ አሉ። የጉቱ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሾልኮ ጣቱን ላጠው።

«እነዚህ ቆርበው ነው የተጋቡት» አለ ጣቱን እየጠባ። «አይፋቱም። ብረት ቆራጩን ኖህን ከነመቁረጫው ልጥራው፤ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል።»

«ተስማምተናል፤ አይቆረጥም ብለናል።»

«ተስማምተናል። እኔ ግን ከሰዓት ፈረሱን ለሰው ቃል ገብቼበታለሁ፤ ነገም ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ኖህ ይምጣና ይይ። እስክንመጣ ከፈቱት ጥሩ፤ ካልፈቱት ግን ምን እናድርግ ኦቦ? ከነመኪናው አልጎትተው።»

እንደሻው ቁልፉን መልሶ ዳዶው ላይ አስገጠመ። ጉቱ ሄደ።

ብቻውን ሲቀር አንድ ሐሳብ መጣለት። ካሶኒውን ከበስተኋላ በክሪክ ትንሽ ቢያነሣው፣ ፊት ያሉት ቡሎኖች ተስበው ዝገታቸውን ይለቁ ይሆናል። ክሪኩን አስገብቶ ቀስ እያለ አነሣ። ካሶኒው አንድ ጣት ያህል ከሻንሲው ተላቀቀ። በዚያ ቅጽበት አንድ ነገር ወርዶ ደረቱ ላይ አረፈ።

ላስቲክ ነበረ፤ ጭቃ የጋገረበት፣ በመካከሉ የተበሳ። የመጀመሪያው ሐሳቡ «ማን ነው ይህን የከተተ?» የሚል ነበር። እርሱ አልከተተውም። እርሱ ያልከተተው ነገር ደግሞ በእርሱ መኪና ውስጥ መገኘት የለበትም።

በካሶኒውና በሻንሲው መካከል የሚገባው የፋብሪካ ላስቲክ ድሮ አልቆ እንደነበረ ያስታውሳል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው። ብረት ለብረት ስለሆነ፣ በጮሌው ኮረኮንች ካሶኒው እንደ ቆሰለ ከብት ይጮህ ነበር። እንደሻው ራሱን እያመመው ቤት ይገባል፤ ሳይናገር ይቀመጣል፤ ሳይናገር ይተኛል። ተሻለች «ላስቲኩን ግዛለት» ብትለው፣ «ፎርጅድ ነው የሚሸጡት» አላት። አንድ ቅዳሜ ቡሎኖቹን ሁሉ ፈትተው፣ ካሶኒውን በግንድ ደግፈው፣ እርሱ የተሰነጠቀ ብረት ሊያስበይድ ሄደ፤ ብየዳውንም ከበያጁ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ ዋለ። ተመልሶ፣ እርሷ ላይ እርሱ ታች ሆነው፣ ስድስቱንም አጠበቁ። ሰኞ ወደ ጮሌ ሲወጣ ካሶኒው ድምፁን አላሰማም። ከዚያ ወዲህ ለሾፌር ጓደኞቹ «አጠባበቅ ማወቅ ነው» እያለ ሲመጻደቅ ኖረ።

ጭቃውን በጥፍሩ ፋቀው። ከሥሩ ቀይ ቀለም ወጣ፤ ከቀዩም ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ጌጥ። በዳሩ የመርፌ ቀዳዳ በተርታ ነበረበት።

ያን ጊዜ አወቀው። በበቆጂ የወንድሟ ሠርግ ሲሆን፣ ከሽኩር ሱቅ የገዛላት ጥቁር ጫማ፣ ሶሉ ቀይ ነበረ። ተሻለች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ጫማ አልነበራትም። ስትራመድ ቀዩ ብልጭ ሲል ያይ ነበር፤ ማየቱን ግን አንድ ቀንም አልነገራትም።

አሁን ስለ ጋዜጣው ጥቅል የሚነገርበት ቦታ ነው። ካሶኒው ዝም ካለ በኋላ በመጣው እሑድ፣ ተሻለች ከቅዳሴ በፕላስቲክ ጫማ ተመለሰች። «ጫማሽስ?» አላት። «የለም» አለችና አንገቷን ደፋች። «ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሰርቆ ነው?» አላት። ዝም አለች። ዝም ማለቷን አዎን ብሎ ቈጠረው። የምእመናኑን ጫማ በር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ገብረ መድህን ነው፤ አጥር ለአጥር ጎረቤታቸው። እንደሻው አልከሰሰውም፤ በአፉ አንድ ቃል አልወጣም። ነገር ግን ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ፣ ሕዝቡ ሁሉ ጫማውን በገብረ መድህን እግር ሥር ሲደረድር፣ እርሱ የራሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ዓይኑን ዓይኑን እያየ በፊቱ ያልፍ ጀመር። ሰላምታም ቀረ። ተሻለች «ተወው እንጂ፤ ሰው አታሳዝን» ትለው ነበር። በፋሲካ በፋሲካ ለገብረ መድህን ቤት ዳቦ ስትልክ፣ «ሌባውን ፈርታ ነው» ብሎ አሰበ።

አሥራ ስምንት ዓመት እሑድ እሑድ። እንደሻው ላስቲኩን እንደያዘ ከመኪናው ሥር ወጣ። የሄደው ግን ወደ ቁልፎቹ አልነበረም፤ ወደ ቆርቆሮው አጥር ነበር።

«ጋሽ ገብረ መድህን» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ከአጥሩ ማዶ፣ ፀሐይ ይሞቅ የነበረው ሽማግሌ ቀና አለ። «ማነው?»

«እንደሻው ነኝ።»

«የትኛው እንደሻው?»

«ጎረቤትዎ።»

«እህ! ባለ ጥቅሉ ነህ?»

«ነኝ» አለ እንደሻው። «አንድ ነገር ላሳይዎት ነበር።»

ገብረ መድህን በምርኩዙ ዞሮ በበሩ ገባ። እንደሻው ላስቲኩን በመዳፉ ዘረጋለት። ሽማግሌው አየው እንጂ አልነካውም።

«አገኘኸው» አለ።

«ያውቁ ነበር?»

«በሦስተኛው እሑድ እያለቀሰች መጥታ ነገረችኝ። ካሶኒው ሲጮህ ራሱን እያመመው ይመጣል፤ ዝም ይላል፤ ቤቱ ጨለመብኝ አለች። ሶሉን ስድስት ቦታ ቆርጣ ከተተችው። ልትነግርህ ነበር። ተይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እኔንማ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የሚጠረጥረኝ፤ አንቺን ግን በየቀኑ ነው የሚጠረጥርሽ አልኳት።» ገብረ መድህን ምርኩዙን መሬት ላይ አሳረፈ። «ተሳስቼ ነው?»

እንደሻው ይቅርታ የሚባለውን ቃል ያውቀዋል፤ ለማንም ብሎት ግን አያውቅም፤ ከየት በኩል እንደሚነሣ ጠፋው። ወደ መኪናዋ ዞሮ ቆመ።

«ሁለት ቡሎን ቀርቶኛል» አለ በመጨረሻ። «ካልፈታሁት በመቁረጫ ሊቆርጡት ነው። ከላይ የሚይዝልኝ ሰው የለኝም።»

ገብረ መድህን ምርኩዙን ከአጥሩ ጋር አስደገፈ። «ቁልፉን አቀብለኝ። ደግሞ ስወርድ ኪስህን ልፈትሽ እንዳትለኝ!»

እንደሻው ደግፎ አወጣውና ከሥር ገባ። ሽማግሌው ላይ ሲንፏቀቅ፣ ብረቱ ከሰው ክብደት ሲያቃስት ሰማ፤ ይህም ድምፅ እንኳ ናፍቆት ኖሯል። ቁልፉን አስገጠመ። እጁ ሳያዘው አንድ ጊዜ መታ።

ከላይ አንድ ምት መለሰለት።

እንደሻው ደነገጠ። ለአንድ አፍታ ከበላዩ ማን እንዳለ ሊያስብ አልፈለገም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግሩን ከጎማው ጋር አስደግፎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። ዳዶው ሲጥ አለ፤ ከዚያ ሩብ ዙር ሄደ፤ ከዚያ ግማሽ። ዳዶው መዳፉ ላይ ወደቀ። ሁለት ጊዜ መታ፤ ሁለት ተመለሰለት። ወደ መጨረሻው ተሻገረ። አንድ፤ አንድ። ይህኛው ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ላቡ ከናፍጣው ጋር ተቀላቅሎ ዓይኑ ገባ፤ ሽማግሌውም ከላይ «በርታ፣ በርታ!» ይል ነበር። በመጨረሻ ተለቀቀ። ሁለት፤ ሁለት።

ሲወጣ ገብረ መድህን በካሶኒው ጠርዝ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሏል።

«ምቱን ከየት አወቁት?»

«ከአጥር ማዶ ሆኜ ስንት ዓመት ሰማሁት! አንዱ ያዢ ነው፤ ሁለቱ ልቀቂ ነው። የሦስቱ ብቻ ሳይገባኝ ቀረ። ሦስት ከተመታ በኋላ ሁለታችሁም ድምፃችሁ ይጠፋል።»

«ምሳ ነው» አለ እንደሻው።

ጉቱ ኖህን ከነመቁረጫው ባጃጅ ላይ ጭኖ መጣ። ኖህ የተፈቱትን ቡሎኖች አይቶ «ታዲያ እኔን ከሥራዬ ያስነሣችሁኝ ለምስክርነት ነው?» አለ።

«ለማንሣት ነው» አለ ጉቱ። «ያዝ በዚያ በኩል!»

ሽማግሌው በቃል እየረዳ፣ ሦስቱ ካሶኒውን አንሸራትተው በአሮጌው ጋሪ ላይ ጫኑት። ሻንሲው ባዶውን ቀረ። በላዩ ቀሪዎቹ ቀያይ ላስቲኮች በየቦታቸው ተቀምጠው ነበር። እንደሻው አንድ በአንድ ለቀማቸው፤ ጭቃቸውን ጠረገ፤ ከዚያም ጆንያው ላይ ይገጣጥማቸው ጀመር። ተረከዝ፣ መካከል፣ ጣት። ተረከዝ፣ መካከል፣ ጣት። ሁለት ትንንሽ የእግር አሻራ ሆነው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ወደ ቤቱ በር የሚያመሩ ይመስሉ ነበር። ኖህ እንኳ ቀልዱን አቆመ።

ጉቱ ግን ባለጋሪ ነውና ወደ ሥራው ተመለሰ። «ኦቦ፣ እነዚያ አብረው አይሄዱም? ያለ እነርሱ ጋሪዬ ይጮኻል።»

«እነዚህ አይሄዱም።»

«ታዲያ በምን…»

እንደሻው ወደ ቤት ገባ። ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። ጥቅሉን ፈታው፤ የእሑድ ጫማው ነበረ፤ ሶሉ ወፍራም ላስቲክ፣ መሬት እምብዛም ያልረገጠ። ቢላዋ አንሥቶ፣ በቀያዮቹ ልክ እየለካ፣ ስድስት ቦታ ቆረጠው። በመካከላቸው ቀዳዳ አበጀላቸውና ለጉቱ ሰጠው።

«ይህ ፎርጅድ አይደለም» አለ።

ገብረ መድህን ባዶውን ጋዜጣ በምርኩዙ ገለጠው። «እንግዲህ እሑድ ምን ልትሸከም ነው?»

«ፕላስቲክ ጫማ አለኝ። እርስዎ ዘንድ እተወዋለሁ።» እንደሻው ጥቂት አሰበ። «ቁጥሩ አርባ ሁለት ነው፤ ግራው ላይ ስንጥቅ አለበት።»

«ቁጥሩን ባትነግረኝ ነበር የሚገርመኝ» አለ ሽማግሌው፤ ዞሮም ወደ ቤቱ ሄደ።

ጋሪው ቁልቁል ሲወርድ፣ እንደሻው እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኑ ሸኘው። ከዚያም ከላስቲኮቹ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ካሶኒው ከነበረበት ቦታ በኩል አሁን ከከተማው በታች ያለው ሜዳ ሁሉ ይታያል። በዚያ ቅዳሜ ምነው ዞር ብሎ እግሯን ባየ ነበር፤ ምነው አንድ ጊዜ እንኳ፣ ካሶኒው ለምን ዝም እንዳለ በጠየቃት ነበር። ቁልፉን አንሥቶ ባዶውን ሻንሲ አንድ ጊዜ መታው። ቆየ። ብረቱ ድምፁን ይዞ ጥቂት ዘመረና ጸጥ አለ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የአጥሩ ቆርቆሮ በምርኩዝ ተመታ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድምፁ የካሶኒው አልነበረም፤ እጁም የእርሷ አልነበረም። እንደሻው ስድስቱን ላስቲኮች ሰብስቦ ኪሱ ከተተ፤ ተነሣ፤ ናፍጣውን ከእጁ ታጠበ፤ ወደ ማዶውም ሄደ።